ውጤቱን በሰሙበት ቀን መድኃኒቱን መጀመር

«ትንሽ ልረጋጋና ልጀምረው።» ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ መኖሩን የሰሙ ሰዎች ደጋግመው የሚሉት ይህንን ነው። አንዱ ጾሙ እስኪፈታ፣ ሌላው ባለቤቱ ከመስክ እስክትመለስ፣ ሌላዋ የልጇ ፈተና እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ሰውነታቸው ደህና ስለሆነ የሚያስቸኩል ነገር ያለ አይመስላቸውም። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው። ምክሩም አጭር ነው፦ ከታች የምንጠቅሳቸው ጥቂት ምክንያቶች ከሌሉብዎ መድኃኒቱን ዛሬ ይጀምሩ። መረጋጋቱን ጨምሮ የቀረው ነገር ሁሉ ከጀመሩ በኋላ ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምናው ውጤቱ ከተረጋገጠ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዝግጁ ለሆነ ሰው ደግሞ በዚያው ዕለት እንዲጀመር ይመክራል። «ደህና ነኝ» ለሚል ሰው ስታርት የተባለው ትልቅ ጥናት ያሳየውን ማወቅ ይጠቅመዋል። በ35 አገሮች የሚኖሩ 4,685 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁሉም ሲገቡ የሲዲ4 ቁጥራቸው፣ ማለትም ቫይረሱ የሚያጠቃቸው የበሽታ ተከላካይ ሴሎች ብዛት፣ ከ500 በላይ ነበር፤ ከጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም። ግማሾቹ ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ቁጥሩ እስኪወርድ ጠበቁ። ወዲያው በጀመሩት ላይ የደረሰው ከባድ ሕመምና ሞት ከጠበቁት በ57 በመቶ ያነሰ ሆነ። ከታመሙት መካከል አብዛኞቹ የታመሙት ደግሞ ቁጥራቸው ገና ከ500 በላይ ሳለ ነው። ቲቢና አንዳንድ ካንሰሮች ሰውነት እስኪከሳ አልጠበቁም። ስለዚህ «ቁጥሬ ጥሩ ነው» የሚለው ሐሳብ ለመዘግየት በቂ ምክንያት አይደለም።

1. ውጤቱን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ያረጋግጡ

ውጤቱ «ፖዘቲቭ» የሚባለው አንድ መመርመሪያ ብቻ ስላሳየ አይደለም። በጤና ተቋሙ ውስጥ የተለያዩ መመርመሪያዎች በተከታታይ ተሠርተው ሲስማሙ ነው። ቤትዎ በራስዎ የመረመሩ ከሆነ ግን ያ የመጀመሪያ ፍንጭ ብቻ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይረጋገጥ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ከክሊኒክ ክሊኒክ መዞር ነው። አንድ ቦታ የተረጋገጠውን ሌላ ቦታ፣ ከዚያም ሦስተኛ ቦታ እያስመረመሩ ወራት የሚያልፍባቸው አሉ። ጥርጣሬው የሰው ልጅ ባሕርይ ስለሆነ አይፈረድበትም። ከተጠራጠሩ ግን መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት እዚያው ይደገምልኝ ይበሉ፤ የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ቫይረሱ በገባ በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ብዙ ሰው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ የንፍፊት እብጠት ይይዘዋል። «ምች መታኝ» ወይም «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሕመሙም በራሱ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ለሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉም እንዲሁ። ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት የሠራውን መከላከያ እንጂ ቫይረሱን ራሱን ስላልሆነ በእነዚያ ሳምንታት «ነጻ» ሊል ይችላል። ተጋልጠው ከሆነና እንዲህ ዓይነት ሕመም ከያዘዎት መጋለጥዎን ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩ፤ ውጤቱ ነጻ ቢሆንም ከተጋለጡ 3 ወር ሲሞላ ይድገሙ። መጋለጡ ከደረሰ 72 ሰዓት ካልሞላው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለና ሳያድሩ ይሂዱ።

ቫይረሱ በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ሕክምናውን መጀመር የተለየ ጥቅም አለው። ቫይረሱ ገና ከጅምሩ መድኃኒት በማይደርስባቸው የተኙ ሴሎች ውስጥ ይደበቃል። በቶሎ የጀመረ ሰው የሚደበቅበት የቫይረስ ክምችት ያንሳል፤ የበሽታ መከላከል አቅሙም ሳይጎዳ ይቆያል። ይህ ፈውስ አይደለም፤ መድኃኒቱን አንድ ቀን ማቆም ያስችላል ማለትም አይደለም። ነገር ግን ኋላ የጀመረ ሰው ያጣውን መልሶ ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይመልሰውም።

2. መድኃኒቱን የሚወስዱበትን ቦታ ይምረጡ፤ ምርጫው ግን አያዘግይዎ

በኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎችና በብዙ ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። ክፍሉን ሁሉም «ኤ.አር.ቲ» ብሎ ነው የሚጠራው። አሜሪካ ያሉ ከሆነና መድን ከሌለዎ ራያን ዋይት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም የሕክምና ወጪን ለመሸፈን ስለሚረዳ በአካባቢዎ ያለውን ክሊኒክ ስለእሱ ይጠይቁ።

የሰፈር ሰው እንዳያየኝ ብሎ ራቅ ያለ ቦታ መምረጥ የተለመደ ነው፤ ክፋትም የለውም። የትራንስፖርቱ ብር ግን በየቀጠሮው መገኘቱን አስቀድመው ያስቡ። እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከተመረመሩበት ቦታ ዛሬ መቀበል ነው። የዝውውር ደብዳቤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሊጻፍልዎ ይችላል። «እዚያ ሄጄ እጀምራለሁ» ብለው የወጡ ሰዎች መንገድ ላይ ይጠፋሉ፤ ባለሙያዎቹም በጣም የሚፈሩት ይህን ነው።

3. ከመዋጥዎ በፊት እነዚህን ይናገሩ

በዚያው ዕለት የማይጀመርባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚታወቁትም እርስዎ ከተናገሩ ነው። ስለዚህ ሳይጠየቁም ይናገሩ።

ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን ማየት መቸገር ወይም መደናገር ካለብዎ አስቀድመው ያንን ይንገሩ። የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል። በክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ወይም በቲቢ ምክንያት የመጣ ማጅራት ገትር ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል፤ ፀረ ኤች አይ ቪው ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ በድንገት ሲያነቃው፣ መከላከያው በጀርሙ ላይ የሚያስነሳው እብጠት በራስ ቅል ውስጥ ሲሆን ሊገድል ይችላል። ቸኩሎ መጀመር የሚጎዳው በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፦ ከአራቱ አንዱ ካለ ለቲቢ ይመረመራሉ። የማጅራት ምልክት እስከሌለ ድረስ ምርመራው ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። ቲቢ ከተገኘ ደግሞ የቲቢው ሕክምና ይቀድምና ፀረ ኤች አይ ቪው በ2 ሳምንት ውስጥ ይከተላል። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪር የተባለውን ፀረ ኤች አይ ቪ ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወግደው አንድ ተጨማሪ ክኒን ከ12 ሰዓት በኋላ ይታዘዛል። «ለምን ሁለት ጊዜ?» ብለው አይደናገጡ።

እርጉዝ ከሆኑ፣ የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እነዚህንም ይንገሩ። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የዶሉቴግራቪርን ኃይል ይቀንሳሉ፤ የስኳሩ ሜትፎርሚን ደግሞ በደም ውስጥ ስለሚበዛ መጠኑ ይስተካከላል።

ደም ይቀዳል፤ የሲዲ4፣ የኩላሊት፣ የጉበት ምርመራ ይታዘዛል። የሲዲ4 ውጤት መድኃኒቱን ይጀምሩ አይጀምሩ የሚወስን አይደለም። የሚጠቅመው ከ200 በታች የወረደ ሰው ተጨማሪ ጥበቃ፣ ለምሳሌ የፈንገስ ምርመራና ኮትሪሞክሳዞል፣ እንዲያገኝ ነው። ላብራቶሪው ማሽን ተበላሽቷል ቢልዎ ወይም ውጤቱ በሳምንት ይደርሳል ቢባል፣ ደህና ሆነው ሳለ ለእሱ ብለው ባዶ እጅዎን ወደ ቤት አይመለሱ። «ውጤቱን እየጠበቅሁ መጀመር እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

4. ሰዓቱን ይምረጡ፣ የመጀመሪያውን ክኒን ይዋጡ

አሁን ለአብዛኛው አዋቂ የሚሰጠው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። በውስጡ ሦስት መድኃኒቶች አሉ፦ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም። ቀድሞ ሰው ይፈራው የነበረው የእፍኝ መድኃኒት ቀርቷል።

የሚበላ ነገር ቢኖርም ባይኖርም ይዋጣል። ይህን የምጽፈው «ምግብ ስለሌለኝ አልዋጥሁም» የሚሉ ብዙዎች ስላሉ ነው። ይህን ክኒን ሆድ ባዶ ነው ብሎ መዝለል አያስፈልግም። በረመዳን በሱሑር ወይም በኢፍጣር ሊወስዱት ይችላሉ። የሚቆርብ ሰውም ሰዓቱን ከቅዳሴ በኋላ ካደረገው ሁለቱ አይጋጩም።

ሰዓቱን ሲመርጡ ከማይቀረው የቀን ልማድዎ ጋር ያያይዙት፦ ከቁርስ፣ ከጥርስ መቦረሽ፣ ከማታው ዜና። ስልክዎም እንዲያስታውስዎ ያድርጉ። እኔ ለአብዛኛው ሰው ጠዋትን እመርጣለሁ፤ ዶሉቴግራቪር አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሳልና። ማታ መጠጥ የሚቀምስ ሰውም ማታ መርሳቱ አይቀርም።

አሁን ብዙዎች ሳያውቁ የሚሳሳቱበት ነገር፦ ጨጓራ። አልሙኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ፣ ያ ነጩ ሽሮፕ ወይም የሚታኘከው ክኒን፣ ከዶሉቴግራቪር ጋር ሆድ ውስጥ ተጣብቆ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ሰውየው በየቀኑ በታማኝነት ይውጣል፤ መድኃኒቱ ግን ሥራውን አይሠራም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፀረ ኤች አይ ቪውን ከጨጓራው መድኃኒት 2 ሰዓት ቀድመው ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ። ኦሜፕራዞል ይህ ችግር የለበትም፤ የጨጓራ ሕመም የሚያሠቃይዎ ከሆነ ይቀየርልኝ ይበሉ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት እንክብልና ካልሲየምም በባዶ ሆድ ከሆነ ያንኑ ያደርጋሉ፤ ከምግብ ጋር ግን አብረው ሊወሰዱ ይችላሉ።

ከረሱ ባስታወሱበት ሰዓት ይዋጡ። የሚቀጥለው ሊደርስ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ያለፈውን ይተዉትና በሰዓቱ ይቀጥሉ። ለማካካስ ሁለት በአንዴ አይዋጡ።

ብልቃጡን ከእርጥበትና ከፀሐይ ያርቁ፤ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ከረጢት አይጣሏት፤ እርጥበት የምትመጥ ናት። ሰው እንዳያውቅ ክኒኖቹን በወረቀት ወይም በፌስታል መጠቅለል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ይበላሻል። የግድ መደበቅ ካለበት የሁለት ሦስት ቀን ብቻ በደንብ በሚከደን ትንሽ ዕቃ ያውጡ።

5. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይለፏቸው

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መዛባት ሊኖር ይችላል፤ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ቆይቶ ክብደት የሚጨምሩም አሉ። እነዚህ የሚያስቆሙ አይደሉም።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስመልሱት ሌሎች ናቸው፦ ሰውነትን የሚሸፍን ሽፍታ ከትኩሳት ጋር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይበርድ ራስ ምታት። ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። አንዳንድ ሰው መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልነበረ ሳልና ትኩሳት፣ የንፍፊት እብጠት ወይም አልማዝ ባለጭራ ይወጣበታል። «መድኃኒቱ አሳመመኝ» ብሎ የሚያቆመው በዚህ ጊዜ ነው። ነገሩ ሌላ ነው፤ ተኝቶ የነበረው የሰውነት መከላከያ ነቅቶ ቀድሞ የተደበቀውን ጀርም መዋጋት መጀመሩ ነው። መታከም አለበት እንጂ መድኃኒቱን በራስ ማቆም አይገባም። ይህ የሚበዛው ሲዲ4 በጣም ወርዶ በጀመሩ ሰዎች ላይ መሆኑም ለምን ቶሎ መጀመር እንደሚሻል ያሳያል።

የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ ስለሚያፍኑ በአንድ ክኒን ሁለቱን ይታከማል፤ በድንገት ሲያቆም ግን ጉበቱ ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል።

6. ማን ይወቅ?

መድኃኒቱን ለመጀመር ለማንም መናገር ግዴታ አይደለም። «ለባለቤቴ ሳልነግር እንዴት እጀምራለሁ?» ብለው የሚያዘገዩ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። ይጀምሩ፤ ከዚያ ለመንገር ይዘጋጁ። የሚነግሩት አንድ ሰው መኖሩ ግን ይረዳል፤ ቀጠሮ የሚያስታውስ፣ ሲታመሙ መድኃኒት የሚያመጣ እህት፣ ጓደኛ ወይም የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል። ለትዳር ጓደኛ መንገር ከከበደዎ ባለሙያው ባለበት በክፍሉ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ሲነገረው ይመታኛል ብለው የሚፈሩ ከሆነ ያንንም ለባለሙያው ይንገሩ፤ በግድ አይነገርም።

የትዳር ጓደኛዎና ልጆችዎ ይመርመሩ። ልጆቹ ጤነኛ መስለው መታየታቸው ምርመራውን አያስቀርም፤ ሕፃናት ላይ ቫይረሱ ከአዋቂ ይልቅ ፈጣን ነው።

እርጉዝ ለሆነች ወይም ለምታጠባ እናት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ዋጋ አለው። ያለ ምንም ሕክምና ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ቀድማ በጀመረች ቁጥር ምጥ ሲመጣ በደሟ ያለው ቫይረስ ያንሳል። ሕፃኑም እንደተወለደ የመከላከያ ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ደሙ ይመረመራል። ቤት ወልዳ ከሆነ ሽሮፑ እንዳያልፈው ልጁን ይዛ ወዲያው ትሂድ።

7. የቫይራል ሎድ ቀጠሮን አይዝለሉ

መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚነግርዎት ይህ ምርመራ ነው፤ በደምዎ ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ይቆጥራል። ዶሉቴግራቪር ፈጣን ስለሆነ በትክክል የሚውጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ መጠኑ ይወርዳል። ምርመራው ብዙ ጊዜ በ6ኛው ወር ይደረጋል። ካልተጠሩ እርስዎ ይጠይቁ።

መጠኑ በመመርመሪያው የማይታይ ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። ይህ ለማጽናኛ የሚባል አይደለም፤ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት ጥንዶች ያለ ኮንዶም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶች አድርገው በተጠኑበት ፓርትነር በተባለው ጥናት ከታከመው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። መጠኑ የማይታይ እስኪሆን ድረስ ግን ኮንዶም ይጠቀሙ። ቀድመው የጀመሩ ለትዳር ጓደኛቸውም ቀድመው ደረሱ ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር እዚህ አለ። የቫይራል ሎድ «አይታይም» ማለት ቫይረሱ ጠፋ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ፈጣኑን ምርመራ ያስደርጋል። በአብዛኛው ያው «ፖዘቲቭ» ይወጣል። በጣም ቀድሞ በጀመረ ሰው ላይ ግን ሰውነቱ በቂ መከላከያ ሳይሠራ ቫይረሱ ስለታፈነ «ነጻ» ሊል ይችላል፤ ያኔ ዳንኩ ብሎ ያቆማል። መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ፈጣኑን ምርመራ አይድገሙ፤ የሚነግርዎ ነገር የለም።

8. ከሚያስቆሙት ነገሮች ቀድመው ይጠንቀቁ

ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። «መድኃኒቱን ጥለህ ካልመጣህ» የሚል ካለ ሌላ የጠበል ቦታ መፈለግ ይሻላል። ጠበል ለሱባኤ ሲሄዱ ለሚቆዩበት ቀን ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት ይያዙ።

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ ያሰቡ፣ ለደላላ ብር ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይወቁ፦ ሳዑዲ፣ ኤምሬቶች፣ ኩዌትና ሌሎችም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ፈቃድ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ የተገኘበትንም ይመልሳሉ። መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ማቆም ውጤቱን ነጻ አያደርገውም። ያለ መድኃኒት የሄደ ሰው ግን እዚያ ታሞ ይመለሳል።

ለመስክ፣ ለመኸር ሥራ ወይም ለቤተሰብ ጥየቃ ራቅ ብለው ሲሄዱ ቀጠሮዎ እንዲቀደምልዎ ወይም ተጨማሪ ብልቃጥ እንዲሰጥዎ አስቀድመው ይጠይቁ። ደህና እየሆኑ ሲሄዱና የቫይራል ሎድዎ ሲወርድ እስከ 6 ወር የሚበቃ በአንዴ ይሰጥዎታል፤ ይህን ዕድል ለመጠየቅ አይፍሩ።

አቁመው ከሆነም ዛሬ ይመለሱ። ቀጠሮ ስላሳለፉ የሚከለክልዎ የለም፤ ባለሙያው ቢቆጣዎትም ይታገሡት። ለስንት ጊዜ እንዳቋረጡ እውነቱን ይንገሩ፤ በዚያ መሠረት ቲቢና ሲዲ4 እንደገና ይታያሉ። የጠፋ ካርድ ቁጥርዎን ባያስታውሱ ሙሉ ስምዎንና የጀመሩበትን ዓመት ይዘው ይሂዱ፤ ከመዝገቡ ይፈለጋል፤ ካልተገኘም አዲስ ካርድ ወጥቶ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይሰጥዎታል።